የቦሌን ገቢ በረራ የሚያወጣልኝ ፕሮግራም ለዛሬ ባዶ ይመልስልኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። የኤርፖርት ኮድ ስሰጠው ከኢንተርኔት የበረራ መረጃ ወስዶ ያረፉትን አውሮፕላኖች እንዲዘረዝርልኝ ነው፣ ምክንያቱም እናቴ ከጅዳ በመጣች ቁጥር ቦሌ በር ላይ ሰዓታት ቆሜ መጠበቅ ከብዶኛል። መጀመሪያ ቲኬት ላይ ያለውን ባለ 3 ፊደል ኮድ፣ ኤ ዲ ዲን አስገባሁ። እምቢ አለ። ባለ 4 ፊደሉን፣ ኤች ኤ ኤ ቢን ስሰጠው ግን የትናንቱን በትክክል አወጣ። ለዛሬ ስጠይቀው 404 (አልተገኘም የሚለው ስህተት) ብቻ! ሰዓቱን ከ1970 ጀምሮ ወደሚቆጠረው ሴኮንድ ቀይሬ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ያለንን የ3 ሰዓት ልዩነትም ቀንሼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። መረጃው የሚጠናቀረው ሌሊት ላይ ይሆን እንዴ? ከሆነ፣ አሁን አየር ላይ ያለውን አውሮፕላን በምን ልከታተል? እናቴ ቅዳሜ ንጋት ላይ ትገባለች፣ የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።