ካምቦዲያ ከአንኮር ዋት ወዲያ፦ ለሁለት ጓደኛሞች የሚሆን ጥቆማ

ከካምቦዲያ ከተመለስኩ ጀምሮ «በምን ሄዳችሁ? የት አደራችሁ? ስንት ጨረሳችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የሄድነው እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። እኔ፣ ዱባይ የምትሠራው አብሮ አደጌ፣ ሁለት የጀርባ ቦርሳ፣ 23 ቀን። ዝነኛውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አንኮር ዋትን አላየንም ብዬ አልዋሽም። የአንድ ቀን መግቢያው 37 ዶላር ነው፣ ያወጣል። ስለሱ የሚጽፍ ግን ሞልቷል። እኔ የምጠቁማችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ ከሲየም ሪፕ (አንኮር ዋት አጠገብ ያለችው ከተማ) ወደ ካምፖንግ ቶም፣ ከዚያ የሜኮንግን ወንዝ ይዞ ካምፖንግ ቻምና ክራቼ፣ ወደ ምሥራቅ ባንሉንግና ሴን ሞኖሮም፣ መጨረሻ ላይ ደቡቡን።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ገንዘብ መቆጠብ ከፈለጋችሁ አልጋ ላይ ቆጥቡ፣ መኪና ላይ አትቆጥቡ። እኛ ገልብጠን ጀምረን ነው የተማርነው።

መኪናው

ወደ ክራቼ ስንሄድ ሦስት ዶላር ለማትረፍ ብለን መንገድ ዳር የጠራን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ከእግሬ ሥር የሩዝ ጆንያ፣ ጭኔ ላይ ቦርሳዬ፣ ከኋላዬ የሞተር ሳይክል ጎማ። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ የጭነት መኪና ይቀድማል። ጓደኛዬ እጄን ጨምቃ «በስመ አብ» ብላ ጀመረች፣ ክራቼ እስክንደርስ አልጨረሰችም። ለሦስት ዶላር!

ከዚያ በኋላ ደንባችን ተቀየረ። በዋና ዋና መስመሮች፣ ማለትም በዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን፣ በሲየም ሪፕና በደቡቧ ካምፖት መካከል ከሆነ ጃይንት አይቢስ የሚባለውን አውቶቡስ ያዙ። ከሌሎቹ ትንሽ ይወደዳል። ግን ቀበቶ አለው፣ ሹፌሩም በወግ ይነዳል። ችግሩ ወደ ምሥራቁ አይሄድም። እዚያ ያለው በአብዛኛው ሚኒባስ ነው፤ ስለዚህ ትኬቱን ከመንገድ ሳይሆን ካደራችሁበት ገስት ሃውስ ቁረጡ። «አንድ ወንበር ለአንድ ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሌሊት አትሂዱ።

የሌሊት የአልጋ አውቶቡስ መሞከር ካማራችሁ በሲየም ሪፕና በፕኖም ፔን መካከል ቪሬክ ቡንታም አለ። ይሄ ሁለት ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። አልጋው የጥንድ ስለሆነ ብቻውን የሄደ ሰው ከማያውቀው ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ ሊያድር ይችላል። እኛ ተነጋግረን፣ ተሳስቀን፣ ተኝተን ደረስን።

ባቡርም አለ። ከፕኖም ፔን በካምፖት በኩል ወደ ሲሃኑክቪል የሚሄደው መስመር ለመንገደኛ ዳግም የተከፈተው በ2016 ነው። ቀስ ይላል፣ ፕሮግራሙም ስለሚቀያየር ጣቢያው ሄዶ መጠየቅ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን ሩዝ ማሳውን በመስኮት እያዩ መሄድ ደስ ይላል። ከቸኮላችሁ ተዉት።

ከተማ ውስጥ ፓስአፕ የሚባለውን የታክሲ መጥሪያ አፕ ጫኑ። ግራብም ይሠራል፤ እኛ ባየነው ግን ፓስአፕ ረከስ ይላል። የሚመጣላችሁ ምን መሰላችሁ? ባጃጅ! ያችው የኛዋ ባለ ሦስት እግር። ጓደኛዬ የመጀመሪያ ቀን ስታያት «አዳማ ገባን እንዴ?» አለች። በሞተር ሳይክል የሚጎተተው የድሮው ጋሪ መሰል ነገር፣ እነሱ ሬሞርክ የሚሉት፣ ለሁለት ሰውና ለሁለት ቦርሳ ይመቻል። ዋጋውን ግን ሳትወጡ በፊት ተስማሙ።

ማደሪያው

ገስት ሃውስ በየከተማው አለ። ፋን ብቻ ያለው የሁለት ሰው ክፍል ከ8 እስከ 12 ዶላር ከፍለናል። ሁለት ከሆናችሁ በአልጋ የሚከፈልበት የወጣቶች ማደሪያ ብዙም አያዋጣም። ለሁለት ሲደመር ያው ነው፣ ያውም ስምንት ሰው ሲያንኮራፋ እየሰማችሁ።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ሰው ቤት ማደሩን ነው። መንደሩ ራሱ አደራጅቶ በተራ እንግዳ የሚቀበልበት አሠራር ስላለ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ሦስት ቦታ አድረናል።

የመጀመሪያው ሳምቦር ፕሬይ ኩክ አጠገብ ነው፣ ከካምፖንግ ቶም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንኮር ሳይታሰብ በፊት፣ በ7ኛው መቶ ዘመን፣ ኢሻናፑራ የሚባል ዋና ከተማ የነበረበት ቦታ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2017 ነው። በጡብ የተሠሩ ስምንት ማዕዘን ቤተ መቅደሶች ጫካ ውስጥ ተበትነው ቆመዋል። አንዱን የዛፍ ሥር ከላይ እስከ ታች ውጦታል፤ በሩ ብቻ ነው የቀረው። መግቢያው 10 ዶላር። እኛ በገባንበት ጠዋት ከኛ ሌላ የነበረው ሰው የሚጠርገው ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ኮህ ትሮንግ ነው። ክራቼ ፊት ለፊት፣ ሜኮንግ መሀል ያለ ደሴት። በጀልባ ተሻግራችሁ ሳይክል ትከራያላችሁ፣ በቃ። ቤቶቹ በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ከሥር ጥላው ላይ የሚወዛወዝ የመረብ አልጋ ታስሯል፣ ቀን ቀን የቤቱ ሰው የሚውለው እዚያ ነው። የቤቱ እናት ማታ ፍራሽ አነጠፉልን፣ አጎበር ሰቀሉልን፣ ከዚያ በምልክት መታጠቢያውን አሳዩን፦ ትልቅ የውሃ ጋን፣ ጣሳና ክራማ። ክራማ የነሱ ባለ መስመር የጥጥ ፎጣ ነው፤ ታጠቢበታለሽ፣ ትጠመጥሚዋለሽ፣ ዕቃ ትቋጥሪበታለሽ። የቀዘቀዘውን ውሃ በጣሳ ሳፈስ አያቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ጠዋት ላይ ፖሜሎ ላጡልን። ብርቱካን የሚመስል ግን የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ፍሬ ነው፣ ደሴቱ የሚታወቅበት። ማስጠንቀቂያ ቢኖር ዶሮው ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል።

ጥምቀትን ያሳለፍነው እዚያ ነበር። ጓደኛዬ ማለዳ ወንዙ ዳር ወርዳ ፊቷን ታጥባ መጣች። ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሦስተኛው ቺ ፋት፣ በካርዳሞም ተራሮች ሥር። (ካርዳሞም እኛ ሄል የምንለው ነው፣ የኮረሪማ ዘመድ።) የሰው ቤት ማደሪያው ከ2007 ጀምሮ የተደራጀ ነው፤ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የቀድሞ አዳኞችና ዛፍ ቆራጮች ናቸው። የኛ መሪ ዱካ ሲያነብ ያስታውቅ ነበር። አንዶንግ ቱክ ላይ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ በጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ወንዙን ትወጣላችሁ፣ ወይም በሞተር በፍጥነት ትደርሳላችሁ። ጀልባውን ምረጡ። ለአልቅት ረጅም ካልሲ ያዙ።

ዶልፊኖቹ

ከክራቼ ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ካምፒ የሚባል መንደር አለ። የኢራዋዲ ዶልፊን የሚታየው እዚያ ነው። በሜኮንግ ውስጥ የቀሩት መቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሁለት ምርጫ አለ። የሞተር ጀልባ ርካሽ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ማየታችሁም አይቀርም። ካያክ፣ ራሳችሁ የምትቀዝፉት ጠባብ ጀልባ፣ ውድ ነው፣ ክንድ ያደክማል፣ ግማሽ ቀን ይወስዳል። እኛ ተከፋፈልን፤ እሷ በጀልባ፣ እኔ በካያክ። ማታ ስንወዳደር እሷ ብዙ አይታለች፣ እኔ ደግሞ ሰምቻለሁ። መቅዘፍ ሳቆም ከጎኔ «ፍስስ» አለ፤ ሰው በረጅሙ የተነፈሰ ነው የሚመስለው። ዞር ስል ክብ ግራጫ ራስ ገብቶ ጠፋ። የሞተር ጀልባ ከያዛችሁም ባለ ጀልባው ሞተሩን እንዲያጠፋ ንገሩት።

ባንሉንግ ወይስ ሴን ሞኖሮም?

ጊዜ ለአንዱ ብቻ ካላችሁ ሴን ሞኖሮም ሂዱ። ደጋ ነው፣ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል፣ የቡኖንግ ሕዝብ አገር ነው። ዝሆን ለማየት የማይጋለብበትን ቦታ ምረጡ። «ኤለፋንት ቫሊ ፕሮጀክት» በዚህ የታወቀ ነው፤ ዝሆኗ ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ አንቺ ከሩቅ ትከተያለሽ። «ወንበር ጭነን እናስጋልባችኋለን» የሚሏችሁን እለፏቸው።

ባንሉንግ ላይ ግን ያክ ላኦም ሐይቅ አለ። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ልዩነቱ ዙሪያው ሪዞርት ሳይሆን ጫካ መሆኑ። የሚያስተዳድሩት የታምፑን ብሔረሰብ ሰዎች ናቸው። ዋኝታችሁ ተመለሱ። የአንድ ቀን «የጫካ ጉዞ» የሚሸጡላችሁን ግን በደንብ ጠይቁ። እኛ ከፍለን ግማሹን ቀን በጎማ ዛፍና በካሹ እርሻ ውስጥ ነው የዞርነው። እውነተኛ ጫካ ከፈለጋችሁ ከቪራቼይ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ጠባቂ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ቀን መሄድ ነው።

ሴን ሞኖሮም ያለችበት የሞንዱልኪሪ ክፍለ ሀገር ቡናም ያበቅላል። ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ነው፣ እስኪጠቁር ይቆላል፣ በበረዶና በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይቀርባል። እንደ ቀዝቃዛ መጠጥ ካያችሁት ይጣፍጣል። ቡና ብላችሁ ከጠበቃችሁት ታዝናላችሁ። እኔ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከአዲስ አበባ የያዝኩትን ዱቄት ማፍላት ጀምሬያለሁ።

ምግብ

ጠዋት መንገድ ዳር የሚሸጠው ሩዝ በሥጋ በአብዛኛው የአሳማ ነው። ለማይበላ ሰው «ባይ ሳች ሞአን» በሉ፣ ሩዝ በዶሮ ነው። ሐላል ከፈለጋችሁ የቻም ሙስሊሞች ባሉበት፣ በተለይ በካምፖንግ ቻምና በወንዙ ዳር፣ አታጡም። ጓደኛዬ ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ሌላ ቃል ተማርን፦ «ቡዎስ»። የመነኩሴ ጾም ምግብ እንደማለት ነው። «ሥጋ የለበትም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ወጥ የለም። ቡዎስ ስትሉ ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ምን ይገዛ?

የካምፖት ቁንዶ በርበሬ። ሌላው ትርፍ ነው። ስሙ ከ2010 ጀምሮ በካምቦዲያ ሕግ፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ስለሆነ በካምፖትና በኬፕ አካባቢ የበቀለ ብቻ ነው እንዲህ የሚባለው። ፕኖም ፔን ገበያ ውስጥ በላስቲክ ተቋጥሮ በርካሽ የሚሸጠውን አትመኑ፤ የማኅበሩ ምልክት ያለበትን የታሸገ፣ ወይም በቀጥታ ከእርሻው ግዙ። በነጻ የሚያስጎበኙ፣ የሚያስቀምሱም እርሻዎች አሉ። ጥቁሩ ለወጥ ነው። ቀዩ፣ ሐረጉ ላይ የበሰለው፣ ጣፈጥ ይላል፣ ለስጦታ ይሁናችሁ። አረንጓዴው እሸት ግን እዚያው ይበላል፤ ኬፕ ላይ ከሸርጣን ጋር ይሠሩታል። እኔ ሸርጣን አልደፍርም፤ በዶሮ አሠርቼ ጣቴን ልሻለሁ።

ካምፖት ላይ ሞተር ተከራይተን ወደ ቦኮር ተራራ ወጥተን ነበር። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው። ስንመልስ አከራዩ «ይሄ ጭረት አልነበረም» ብሎ 40 ዶላር ጠየቀን፣ ፓስፖርቴ ደግሞ እጁ ላይ ነው። ተከራክረን 15 ከፍለን ወጣን። ፓስፖርት መያዣ አትስጡ፣ ብር አስይዙ። ሞተሩን ከመነሳታችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሱም ላይከፍላችሁ ይችላል።

ስልክና ገንዘብ

አንድ ዓይነት ሲም አትግዙ። እኔ ስማርት፣ እሷ ሜትፎን ያዘች። ከተማ ውስጥ የኔ ፈጠነ፣ ገጠር ላይ ያዳነችን የሷ ናት።

ዶላር በየቦታው ይሠራል፣ መልሱ በአገሩ ገንዘብ በሪኤል ነው፤ 4,000 ሪኤል አንድ ዶላር አካባቢ። ጫፉ ትንሽ የተቀደደ ዶላር አይቀበሏችሁም። ኤቲኤሙ መቶ ዶላር ከተፋላችሁ እዚያው ባንክ ገብታችሁ ዘርዝሩት፤ ደሴት ላይ መቶ ዶላር ወረቀት ነው።

የተውኩት

በታይላንድ ድንበር አቅራቢያ ያሉትን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች፣ ፕሬያ ቪሂርንና ባንቴይ ችማርን፣ ያልጠቆምኩት ስለማይጠቅሙ አይደለም። እኛ ከተመለስን በኋላ በሐምሌ፣ ከዚያም በታኅሣሥ 2025 ከታይላንድ ጋር ድንበር ላይ ውጊያ ነበር። የሰሜኑንና የሰሜን ምዕራቡን ድንበር ሁኔታው እስኪጣራ ተዉት፤ ከባንኮክ በመኪና እገባለሁ ያላችሁም አስቀድማችሁ አጣሩ። በየትም ገጠር ቢሆን ደግሞ ከተረገጠ መንገድ አትውጡ፣ ለሽንትም ቢሆን። የተቀበረ ፈንጂ ገና ተለቅሞ አላለቀም።

ስንት ጨረሳችሁ ለሚለው፦ ከአውሮፕላን ትኬት ውጪ እኔ 640 ዶላር። እሷ 715። ልዩነቱ ቁንዶ በርበሬ ነው፤ ዱባይ ላሉ ጓደኞቿ በሙሉ ገዝታ፣ እኔ ነኝ የተሸከምኩላት።