ጥቆማ፦ ድንክና ወርቃማ ስፕሩስ ማርቆስ ይገኛል ወይስ ባሕር ዳር ልሂድ?

የመንቆረር ልጅ፦ ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በረንዳዬ ፊት ትንሽ ባዶ ቦታ አለችኝ። ስፕሩስ ከሚባለው ባለ መርፌ ቅጠል የውጭ ዛፍ፣ ኮኒካ የሚባለውን ሾጣጣ ድንክና ስካይላንድስ የሚባለውን ወርቃማ በፎቶ እያየሁ ከወደድኳቸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማርቆስ ካሉት ችግኝ ሻጮች ልጠይቅ ወይስ ባሕር ዳር ድረስ ልሂድ? የገዛችሁ ካላችሁ ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሆነላችሁ ንገሩኝ።

ዳሞት፦ ወንድሜ፣ ተጠንቀቅ። እኔ አምና «ወርቃማ ስፕሩስ» ተብዬ ሦስት ችግኝ ገዛሁ፤ አንዱ 600 ብር። መስከረም ላይ ተከልኳቸው። ጥምቀት ሳይደርስ ሁለቱ ቡናማ ሆኑ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ በፕላስቲኩ ቅርጽ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ሻጩ ጋ ስደውል «ውኃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ገንዘቡስ ይሁን፣ የደከምኩበት ነው ያንገበገበኝ።

ጣና ዳር፦ የት ሱቅ ነው? ንገሪንና እንጠንቀቅ።

ዳሞት፦ ስም አልጠራም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። እምቢ ካሏችሁ ሂዱ።

ቢቸና፦ እኔም ደርሶብኛል፣ በማንጎ ነው እንጂ። «የተዳቀለ ነው» ብለው የዘር ችግኝ ሸጡልኝ። አራት ዓመት ጠበቅኩ፤ ፍሬ የለም።

ጣና ዳር፦ የማንጎው ነገር እኛም ሰፈር አለ። አንድ ሰው መናገር አለበት።

ኮሶበር፦ ለምን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት አትተክልም? ፋግታ ለኮማ ሄደህ እይ። በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። ቤት የሠራበት ሰው አውቃለሁ።

የእትዬ ደንበኛ፦ ማርቆስ ከሆንክ ሌላ ቦታ አትልፋ። መናኸሪያው ጀርባ ችግኝ የሚሸጡ እትዬ አሉ። የእሳቸው ችግኝ ሞቶብኝ አያውቅም። እጃቸው የተባረከ ነው።

የመንቆረር ልጅ፦ አመሰግናለሁ። ስፕሩስ አላቸው?

የእትዬ ደንበኛ፦ እኔ የገዛሁት ጽጌረዳ ነው። ግን ጠይቃቸው፣ የሌላቸው ነገር የለም።

ሉማሜ፦ ኧረ ጥያቄውን አንብቡ! ሰውዬው ከሰል አልጠየቀም። ጽጌረዳም አልጠየቀም። ስለ ስፕሩስ የምታውቁት ከሌለ ዝም ብትሉ ምን አለበት?

የእትዬ ደንበኛ፦ ቁጣው ለምን? ጥሩ ሰው ነው የጠቆምኩት።

የቾቄ ሥር፦ እኔ ችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ። እኛ ጋ «ወርቃማ ስፕሩስ» ተብሎ ሲሸጥ ያየሁት ሁሉ ወይ ቱያ ነው፣ ወይ ጎልድክረስት የሚባለው የፈረንጅ ጥድ ዘመድ። መለየቱ ቀላል ነው። የስፕሩስ ቅጠል አንድ በአንድ የወጣ መርፌ ነው። በሁለት ጣትህ መሃል አንከባለው፤ አራት ጎን ስላለው ይሽከረከራል። መርፌው ሲረግፍ ቅርንጫፉ ላይ ትንንሽ ችካል ትቶ ይሻክራል። ቱያ ግን ቅጠሉ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ጎልድክረስትን ካሸኸው ሎሚ ሎሚ ይላል። ዳሞት፣ ያንቺ ሎሚ ይሸት ነበር?

ዳሞት፦ አዎ! ደስ ብሎኝ የገዛሁትም ለሽታው ነበር።

የቾቄ ሥር፦ በይ እንግዲያው ስፕሩስ አልነበረም። አሁን ወደ ጠያቂው። ኮኒካ በ1904 እ.ኤ.አ. ካናዳ አልበርታ ውስጥ ከዱር የተገኘ ድንክ ነው። ስካይላንድስ ደግሞ ከካውካሰስና ከሰሜን ምሥራቅ ቱርክ ስፕሩስ የወጣ ወርቃማ ዓይነት ነው። ሁለቱም ለወራት የሚዘልቅ ክረምት ያለበት አገር ልጆች ናቸው። የእነሱ ክረምት የበረዶ ነው፣ እንደ እኛ የዝናብ አይደለም። ያ ብርድ ካላረፈባቸው ቡቃያቸው በወጉ አይከፈትም። ማርቆስ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀን ፀሐይ ነው። ቾቄ ላይ እንኳ ብርዱ የሌሊት ነው እንጂ የወራት አይደለም። ባሕር ዳር ደግሞ ይብሳል፣ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው።

ዘር የሚሸጥልህም ካለ አትግዛ። ድንክነቱና ወርቃማነቱ በዘር አይተላለፍም። የሚራባው በቁራጭ ቅርንጫፍ ወይም አቮካዶ እንደሚዳቀለው በክተባ ነው። ካገኘህ ግን በአበባ ማሰሮ ያዘው፤ ዋልካ አፈር ላይ ውኃ ተኝቶ ሥሩን ይገድለዋል። ወርቃማውን ከቀትር ፀሐይ ከልለው፣ ለጋው ይቃጠላል። በበጋ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ኮኒካን በጣም ይወዳል። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘህ ቅርንጫፉን ምታው፤ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካየህ ውኃ በኃይል እርጨው። ከድንኩ መሃል ፈጥኖ የሚረዝም ቅርንጫፍ ከወጣ ወዲያው ቁረጠው፤ ወደ ትልቁ ዛፍ መመለሱ ነው።

እኔ ብሆን ድንኩን ወርቃማ ቱያ ነበር የምተክለው። ሙቀቱን ይችላል፣ ክብ ሆኖም ያድጋል።

የመንቆረር ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ትንሽ ልቤ ተሰብሯል። ቱያው ከጥላ ይሻለዋል ከፀሐይ?

የቾቄ ሥር፦ ፀሐይ። ጥላ ውስጥ ወርቅነቱ ይጠፋል፣ አረንጓዴ ይሆናል።

ኮሶበር፦ የዲከረንስ ችግኝ የሚፈልግ ካለ እንጅባራ አለልኝ።

ሉማሜ፦ የመንቆረር ልጅ፣ ታዲያ ምን ገዛህ? ሁለት ሳምንት ሆነ እኮ።

የእትዬ ደንበኛ፦ እትዬን ጠየቅኳቸው። ቱያው አለኝ ብለዋል፣ ሥሩንም አውጥቼ አሳየዋለሁ ብለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ይምጣ።