ሶሻል አንትሮፖሎጂ ልመርጥ ነው፤ በምን ልዘጋጅ?

ወለላ፦
ፍሬሽማን እየጨረስኩ ነው፤ ሶሻል አንትሮፖሎጂን አንደኛ ምርጫዬ ላደርገው አስቤአለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «አጥንት ልትቆፍሪ ነው?» ይሉኛል። ትምህርቱ ምኑ ላይ ይከብዳል? የመመረቂያ ጽሑፉስ ከየት ይጀመራል?

ሸማኔው፦
እህቴ፣ ድንቅነሽን የሚያጠናው ፊዚካል አንትሮፖሎጂ ነው። ከእሱ ሌላ የቋንቋ፣ የአርኪዮሎጂና የማኅበራዊና ባህላዊ ዘርፎች አሉ። በዲግሪ የምትማሪው በአብዛኛው የመጨረሻውን ነው፤ ቁፋሮ የምትፈልጊ ከሆነ አዲስ አበባና አክሱም ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂን ለብቻው ያስተምራሉ።

ብዙ ተማሪ የሚንገዳገደው ቲዎሪ ላይ ነው። ንባቡ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሊቃውንቱን ስም በቃል ይይዙና ፈተናው «አወዳድር» ሲል ይጠፋቸዋል። ለእያንዳንዱ ቲዎሪ «ማንን ተቃውሞ ተነሳ?» ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊ። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ ኖረ፤ ከእሱ በፊት ብዙዎቹ የሩቅ ሕዝብን ታሪክ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይገምቱ ነበር። ይህን ከያዝሽ ፈንክሽናሊዝም (እያንዳንዱ ልማድ የሚያሟላው ፍላጎት አለ የሚለው ቲዎሪ) ለምን እንደመጣ ይገባሻል። ማስታወሻዎችሽን አትጣዪ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

እንኮዬ፦
የዝምድና ኮርሱን አትናቂው። ሥዕሉ ቀላል ነው፦ ሦስት ማዕዘን ወንድ፣ ክብ ሴት፣ የእኩል ምልክት ጋብቻ፣ ቁልቁል መስመር ልጅ። ስህተቱ የሚመጣው ከትርጉም ነው። በአማርኛ የእናትም የአባትም ወንድም «አጎት» ነው። በኦሮምኛ ግን የእናት ወንድም ኤሱማ፣ የአባት ወንድም ዋሲላ ይባላል። ሁለቱንም «አንክል» ብለሽ ከጻፍሽ ልታጠኚው የሄድሽው ልዩነት ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ሁልጊዜ የአገሬውን ቃል አስቀድሚ።

ለልምምድ የራስሽን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪ። አያቶችሽን ለየብቻ ጠይቂ፤ የት ላይ እንደሚለያዩ ምልክት አድርጊ። በጎጃም ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት በእናትም በአባትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ ዘር መቁጠር የመሬት ክርክርም ነበር። ሰው የትኛውን አያት እንደሚያስታውስና የትኛውን እንደሚዘለው ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ማስታወሻ_ያዥ፦
ስለ መመረቂያ ጽሑፉ፦ «የአማራ ሕዝብ የጋብቻ ባህል» በዲግሪ ጽሑፍ አይቻልም። «አንድ ዕድር መዋጮ ያቋረጠ አባሉ ሲሞትበት ምን ያደርጋል?» ይቻላል።

ከዲፓርትመንት የድጋፍ ደብዳቤ አውጪ፣ ወረዳ አድርሺ፣ ከዚያ ቀበሌ። እህል በሚሰበሰብበት ኅዳርና ታኅሣሥ ገጠር ከሄድሽ ሰው ማሳ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጥናቱን አስረጅ፤ ሳይፈቅድ አትቅጂ፣ ጽሑፉ ላይም ስሙን ቀይሪ።

ጊዜሽን የሚበላው ድምፅ መገልበጥ ነው። አንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ አሥር ሰው ካናገርሽ ከ40 እስከ 60 ሰዓት አስቢ፣ ትርጉሙን ሳይጨምር። ማስታወሻሽን ሳትተኚ አስፍተሽ ጻፊው፤ በማግስቱ ግማሹ ይረሳል። ገጹን ለሁለት ክፈይ፦ በግራ ያየሽው፣ በቀኝ የመሰለሽ። ካልለየሽው በኋላ የራስሽን ግምት እንደ መረጃ ትጠቅሺዋለሽ።

ወለላ፦
ዕድሩን ወደድኩት። ሰብሳቢውን ባናግር ይበቃል?

ማስታወሻ_ያዥ፦
አይበቃም፣ እሳቸው የሚነግሩሽ የመተዳደሪያ ደንቡን ነው። ጥሩንባ ነፊውን፣ ድንኳን ተካዮቹን፣ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች፣ ከዕድሩ የተሰረዘ ሰው ካለም እሱን ጠይቂ። ደግሞ «ያልከፈለ ይቀበራል?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁሉም «እንዴታ!» ይልሻል። «መጨረሻ ላይ እንዲህ የገጠማችሁ መቼ ነበር? ያን ዕለት ምን ሆነ?» በይና ጸጥ ብለሽ ጻፊ።

እንኮዬ፦
ሥራን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ማስታወቂያ «ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ» ነው የሚለው፤ አንትሮፖሎጂን በስሙ አይጠራም። ስለዚህ የምርምር ዘዴ ኮርሶችሽን ማመልከቻው ላይ ዘርዝሪ፤ እስከ አራተኛ ዓመትም ኤስፒኤስኤስ (የአኃዝ መተንተኛ ሶፍትዌር) እና ኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ) ተለማመጂ።