ጡት ለማሳነስ ቀዶ ሕክምና ስንዘጋጅ ከመጠኑ ምን እንጠብቅ?

እህቴ፣ ከሜሪላንድ የጻፍሽውን በጥሞና አነበብኩት። ቀዶ ሕክምናውን እዚያው አድርገሽ ለማገገም ቱሉ ዲምቱ እናትሽ ዘንድ ልትመጪ ነው። እኔም ውጭ አገር ሳለሁ ይህንኑ ሕክምና ስላደረግሁና አሁን የምኖረው እዚሁ ኮዬ ፈጬ ስለሆነ፣ «36 ቢ እንዲያደርጉልኝ ነግሬአቸዋለሁ» ባልሽው ላይ ሐሳቤን ላካፍልሽ።

36 ቢ የጡት መያዣ ልክ ነው፤ ፊደሉ ብቻውን ግን የጡትን መጠን አይናገርም። ቁጥሩ የደረትን ዙሪያ ሲያመለክት፣ ፊደሉ ጡቱ ከዚያ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳይ ስለሆነ፣ 34 ዲ እና 36 ሲ የሚይዙት መጠን ተቀራራቢ ነው፤ የጡት መያዣ ፋብሪካዎችም አንድ ወጥ ልክ የላቸውም። ስለዚህ የትኛውም ጠንቃቃ ሐኪም ፊደል ቃል ሊገባልሽ አይችልም። እሱ የሚያስበው ከእያንዳንዱ ጡት በሚወጣው ግራም ነው። የሚያስደስትሽንም የማያስደስትሽንም ቅርጽ በፎቶ ብታሳዪው ከፊደሉ ይልቅ ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ እንድታውቂው የምፈልገው መቀነስ የሚቻልበት ወሰን ከየት እንደሚመጣ ነው። ሐኪሙ የጡትሽን ጫፍ ወደ ላይ ሲያዛውር ብዙውን ጊዜ ቆርጦ አይለየውም፤ ደምና ስሜት ከሚያደርስለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ያነሣዋል። ያ ሥጋ ከልክ በላይ ከሳሳ ጫፉ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ጡቱ እጅግ ትልቅና የወረደ ከሆነ ጫፉን ፈጽሞ አንሥቶ መልሶ መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ጡት ማጥባት ይቀራል፣ ስሜቱም በአብዛኛው ይጠፋል። ገና ልጅ መውለድ እንደምታስቢ ስለጻፍሽ ይህ ለአንቺ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በተለመደው ዘዴም ቢሆን ወተቱ ሊቀንስ ይችላል፤ እርግዝናና የክብደት ለውጥም መጠኑን ዳግም ይቀይሩታል።

ኢንሹራንሱም የራሱ ቁጥር አለው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኢንሹራንሶች በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሽኑር መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ከቁመትሽና ከክብደትሽ ተነሥቶ ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ ስንት ግራም መውጣት እንዳለበት ይወስናል። አንቺ ጥቂት ብቻ እንዲቀነስ ብትፈልጊ ወጪውን ላይሸፍኑ ይችላሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ጡቱ አብጦና ወደ ላይ ተወጥሮ ይቆያል። ሊጠይቁሽ የሚመጡ ዘመዶች «ይኼ ነው የተቀነሰው?» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ ቅርጹ የሚረጋው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ሽቦ የሌለው፣ ዋጋው የማይከብድ መያዣ ይበቃሻል፤ ሽሮ ሜዳ የምታሰፊውንም ቀሚስ አቆዪው። ጠባሳው ግን ከነጭራሹ አይጠፋም፤ በተለይ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትቆስዪ ቆዳሽ ያበጠ ጠባሳ ትቶ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ረጅም በረራ ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ ያለ ሐኪምሽ ፈቃድ አትሳፈሪ። እዚህም ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሌላ ሰው እንዲያነሣልሽ ከእናትሽ ጋር ከወዲሁ ተነጋገሪ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የጡቱን ጫፍ አደጋ ላይ ሳይጥል እስከ ስንት ግራም ማውጣት እንደሚችል፣ ኢንሹራንሱስ ስንት እንደሚጠይቅ ጠይቂው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተጣጣሙ የበረራ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል።