ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ የስትሮክ ታካሚን ማስተናገድ፦ የኮቪድ ውጤት ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ?

ጠያቂ፦ ድንገተኛ_ክፍል

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። የድንገተኛ ክፍላችንን የወረርሽኝ ጊዜ አሠራር እንደ አዲስ እየጻፍን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ የነበረው ግርግር እንዲደገም አንፈልግም። የወሊዱና የአደጋው ክፍል ተጽፎ አልቋል፤ ስትሮኩ ላይ ግን አልተስማማንም። ግማሹ ሰው «ያለን አንድ ሲቲ ስካን ነው፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ታካሚው አይግባ» ይላል። ሌላው «ውጤት ስንጠብቅ አንጎሉ ያልቃል» ይላል። አልቴፕላዝ (የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት) አልፎ አልፎ ይገኛል። የረጋ ደም በካቴተር ማውጣት የለም፣ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ክፍልም የለንም። ማን ይግባ፣ ምን ይልበስ፣ ምን ይቅደም የሚለውን በዝርዝር ብትነግሩን።

መልስ፦ ኒውሮ_ሐኪም

ውጤት አትጠብቁ። አልቴፕላዝ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በዚያም ውስጥ ቢሆን ቶሎ የተሰጠው ከዘገየው ይበልጣል። ስለዚህ ስትሮክ ተብሎ የገባን ሁሉ ከኮቪድ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደተያዘ ቆጥራችሁ ሥሩ። የቶሮንቶ ሐኪሞች በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ጥበቃ ያለው ኮድ ስትሮክ» መነሻውም ይኸው ነው። አንደበቱ የተያዘ ሰው እኮ ሳል ይኑረው ትኩሳት፣ ከማን ጋር ይዋል፣ ሊነግራችሁ አይችልም።

በር ላይ እንደደረሰ የሰርጂካል ማስክ አድርጉለት። ኦክስጅን የሚሰጠው ከ94 በመቶ በታች ከወረደ ብቻ ነው፤ በአፍንጫ ካኑላ፣ ማስኩ ከላይ ሆኖ። ወደ ውስጥ የሚገቡት አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ ብቻ ናቸው፦ ኤን 95፣ ጋውን፣ ጓንት፣ ፌስ ሺልድ። ሦስተኛው ሰው ደጅ ቆሞ ሰዓት ይመዘግባል፣ መድኃኒት ያቀብላል፣ ለሲቲ ክፍሉ ይደውላል። ሲኒየር ማማከር ካስፈለገ በስልክ ቪዲዮ ይሁን። ጊዜ የሚባክነው አለባበሱ ላይ ስለሆነ ለሁለት ሰው የሚበቃ ልብስ በአንድ ከረጢት ታሽጎ በሩ ላይ ይንጠልጠል። አምቡላንሱ ቀድሞ ከደወለ ለብሳችሁ ትጠብቃላችሁ።

አስታማሚውን ከመመለሳችሁ በፊት ስልኩን ተቀበሉ። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው፣ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ፣ ክብደቱ ስንት ነው። ሰዓቱ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ቤተሰብ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነበረች» ሲል 3:00 ተብሎ ይጻፋል፤ የሲቲው ምስል ላይ የሚታተመው ደግሞ 10:40 ነው። ያለፈው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ቻርቱን ያነበበ ሰው 7 ሰዓት ከ40 አለፈ ብሎ መድኃኒቱን ይከለክላታል። ቻርት ላይ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፣ የግድግዳውንም ሰዓት ከማሽኑ ጋር አስተካክሉ። ተኝቶ ሲነቃ የተገኘበት ከሆነ የሚቆጠረው ከመተኛቱ በፊት ደህና ከነበረበት ነው።

ምርመራው ላይ ማስክ ሁለት ነገር ያበላሻል። የፊት መጣመም አይታይም፤ ይህን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ወደ ጎን ቆማችሁ ማስኩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ሁለተኛ፣ በኤን 95 ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ይታፈናል። ትእዛዝ አልተቀበለም የተባለው ታካሚ ያልሰማ፣ ወይም አማርኛ የማይችል ሊሆን ይችላል። አስታማሚውን በስልክ ላውድ ላይ አድርጋችሁ በራሱ ቋንቋ አናግሩት።

አልቴፕላዝ ከመስጠት በፊት የግድ የሚያስፈልገው የላብራቶሪ ውጤት የደም ስኳር ነው። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) ካልወሰደ፣ የመድማት ችግር ካልተጠረጠረ ፕላትሌትና አይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራዎች) አትጠብቁ። ዲ-ዳይመር (ደም ረግቶ እንደሆነ የሚጠቁም የደም ምርመራ) ከፍ ማለቱ ብቻውን አይከለክልም። ኮቪድ ዋርድ ተኝቶ ስትሮክ የያዘው ሰው ላይ ግን ኢኖክሳፓሪኑን (በመርፌ የሚሰጠውን ደም ማቅጠኛ) እዩ፦ ለመከላከል የሚሰጠው 40 ሚ.ግ ከሆነ ችግር የለም፤ ባለፉት 24 ሰዓታት ሙሉ የሕክምና ዶዝ ወስዶ ከሆነ አልቴፕላዝ አይሰጥም።

የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባለት (ኢንቱቤሽን) ከሆነ ውሳኔው ከድንገተኛ ክፍል ሳይወጣ ይወሰን። ሲቲ ጠረጴዛ ላይ በችኮላ የሚደረግ ኢንቱቤሽን ለታካሚውም ለሠራተኛውም አደጋ ነው። ደግሞ ወጣት ነው ብላችሁ አታሳልፉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ጸደይ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የሆስፒታሎች ስብስብ ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ50 ዓመት በታች የሆኑ አምስት ኮቪድ ያለባቸው ሰዎች በትልቅ የአንጎል ደም ስር መዘጋት ገብተዋል።

መልስ፦ አይሲዩ_ነርስ

ዶክተር ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ መድኃኒቱ አሰጣጥ ላይ ወረርሽኝ የሚያመጣው አንድ ስህተት አለ። ነርሷ ቶሎ ቶሎ እንዳትገባ ተብሎ ፓምፑ ከክፍሉ ውጭ ይቆምና በረጅም ማራዘሚያ ቱቦ ይገናኛል። ለአልቴፕላዝ ይህ አይሆንም። ሂሳቡን እዩት፦ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 0.9 ሚ.ግ በኪሎ፣ በድምሩ 54 ሚ.ግ ነው (የማንም ሰው ከ90 አያልፍም)። ከዚህ 5.4ቱ በ1 ደቂቃ ይገፋል፣ 48.6ቱ በ60 ደቂቃ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ሲበጠበጥ 1 ሚ.ግ በ1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 15 ሚሊ የሚይዝ ቱቦ 15 ሚ.ግ ይዞ ይቀራል፤ ከሚንጠባጠበው ሲሦው ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ፓምፑ ሲጮህ «አልቋል» ተብሎ ይነቀላል፣ ታካሚው ግን አላገኘውም። ፓምፑን አልጋው አጠገብ አቁሙ። መጀመሪያ የሚገፋውን መጠን ለክንዱ ቅርብ ከሆነው መግቢያ ስጡ። ጠርሙሱ ሲያልቅ በዚያው ፍጥነት ኖርማል ሳላይን አስከትሉ።

የደም ግፊት ከመስጠት በፊት ከ185/110 በታች፣ ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት ከ180/105 በታች መሆን አለበት። ያላችሁ ሃይድራላዚን ብቻ ከሆነ 5 ሚ.ግ ቀስ ብላችሁ ስጡና 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ድንገት ሊያወርደው ስለሚችል ደራርባችሁ አትስጡ። ክትትሉ ለ2 ሰዓት በየ15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለ6 ሰዓት በየ30 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ 24ኛው ሰዓት በየሰዓቱ ነው። 36 ጊዜ ማለት ነው፤ ለ36ቱም ልብስ እየለበሱ መግባት አይቻልም። ሰዓት ተሞልቶለት ራሱ የሚለካ የደም ግፊት ማሽን ክንዱ ላይ እሰሩ፣ ስክሪኑን ወደ መስታወቱ አዙሩ። ከውጭ ሆናችሁ እጁን እንዲያነሳ በምልክት ጠይቁት። አዲስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእጁ መድከም ከታየ ግን ፓምፑ ይቁም፣ ተገብቶ ይታይ፣ ሲቲው ይደገም። ኢናላፕሪል (የደም ግፊት መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች አልቴፕላዝ ሲሰጣቸው ምላሳቸው ሊያብጥ ስለሚችል ማስኩን ገለጥ አድርጋችሁ ማየት አትርሱ።

መልስ፦ ራዲዮግራፈር

ማሽኑ «ይበከላል» የሚለው ስጋት ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። የማይስል፣ ማስክ ያደረገ፣ ቱቦ ያልገባለት ታካሚ ከወጣ በኋላ የነካውን ማጽዳት ይበቃል። 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ ለ49 እጅ ውኃ 0.1 በመቶ ይሰጣል፤ ይህ ለወለሉ ነው። ደም ወይም ትውከት ካለ አንድ እጅ ለ9። ጋንትሪውንና (ታካሚው የሚገባበትን የማሽኑን ቀለበት) ቁልፎቹን በበረኪና አትንኩ፣ ብረቱን ይበላዋል፤ በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ አትርጩ። ክፍሉ ውስጥ ሰክሽን (አክታ በማሽን መሳብ) ወይም ኢንቱቤሽን ከተደረገ ነገሩ ሌላ ነው፤ አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ በሚለዋወጥበት ክፍል 99 በመቶው እስኪወጣ 46 ደቂቃ ይፈጃል። የአንገት ደም ስር በሲቲ ከተነሳ የሳንባው ጫፍ አብሮ ስለሚታይ የኮቪድ ምልክት ካለ እዚያ ላይ እዩት።

ድንገተኛ_ክፍል፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ቀረኝ። አልቴፕላዝ ለማያገኘው፣ ማለትም ለአብዛኛው ታካሚ፣ አስታማሚ እንዳይገባ ከተከለከለ ማን ያበላዋል? ማን ያገላብጠዋል?

መልስ፦ ዋርድ_ሲስተር

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ዶክተር። እኛ አገር የነርሲንጉን ግማሽ የሚሸከመው አስታማሚ ነው፤ እሱን አስወጥቶ በምትኩ ሰው አለመመደብ በአልጋ ቁስልና በሳንባ ምች መግደል ነው። ለአንድ ታካሚ አንድ የማይቀያየር አስታማሚ፣ ማስክ አድርጎ፣ ከዋርዱ ሳይወጣ ይቆይ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር አሳዩት፦ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥና ሽባ የሆነውን ክንድ ሳይጎትቱ መያዝ።

መመገቡን ግን የመዋጥ ፈተና ሳይደረግ አይጀምርም። አስታማሚ በፍቅር አጥሚት ያጠጣዋል፣ አጥሚቱ ሳንባ ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ሲመጣ ኮቪድ ነው ተብሎ ይዛወራል። አልጋው ራስጌ ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥ» ብላችሁ በትልቁ ለጥፉ። ፈተናው ሲደረግ ታካሚው ነቅቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ውኃ፣ ደህና ከሆነ 90 ሚሊ ሊትር ሳያቋርጥ ይጠጣ። ካሳለ ወይም ድምፁ ውኃ ውኃ ካለ አልፏል አትበሉ፤ በአፍንጫ ቱቦ ይመገብ። ስለሚያሳል ፈታኙ በጎን ይቁም፣ ኤን 95ና ፌስ ሺልድ ያድርግ።

ሲቲው ደም መፍሰስ ከሌለበት አስፒሪን በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ይጀመር፤ 81 ሚ.ግ ካላችሁ 4 ፍሬ፣ መዋጥ ካልቻለ ተፈጭቶ በቱቦ። አልቴፕላዝ የወሰደ ግን 24 ሰዓት ሞልቶ ሲቲው እስኪደገም አይሰጠውም። አልቴፕላዝ ያልወሰደው ሰው ግፊቱ ከ220/120 ካላለፈና ሌላ ምክንያት ከሌለ በመጀመሪያው ቀን አታውርዱት። ለኮቪዱ ዴክሳሜታሶን 6 ሚ.ግ ከጀመረ ስኳሩ ስለሚወጣ በየ6 ሰዓቱ ለኩ፣ ከ140 እስከ 180 ውስጥ አቆዩት። የስትሮክ ነርሶቻችሁንም ወደ ኮቪድ ዋርድ በትናችሁ አትጨርሱ። ቢያንስ በየፈረቃው የመዋጥ ፈተና የምታውቅ አንዲት ነርስ ትቅር።