ለእርግዝና ክትትል የሄድኩበት ቀን ከደመወዜ ተቆረጠብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በቋሚነት ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያው ክትትል የሚሰጠው በሥራ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተሰልፌ ስጨርስ 6 ሰዓት ያልፋል።

ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቴም ለሱፐርቫይዘሬ ቀድሜ ነግሬያለሁ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀትም አምጥቻለሁ። ደመወዝ ሲወጣ ግን የሁለት ቀን ተቆርጧል። የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ስጠይቅ «አልታመምሽም፣ ከዓመት ፈቃድሽ ይያዝ» አሉኝ። ወረቀቱን አየት አድርገው መለሱልኝ፤ ኮፒ እንኳ አላስቀሩም።

እኔ የሕመም ፈቃድ አልጠየቅኩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝናዋ ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች ይላል። የሕክምና ማስረጃ አምጪ ሊሏት ይችላሉ፣ እሱን ደግሞ አምጥቻለሁ። ስልኬ ላይ አሳየኋቸው፤ «እናያለን» ብለው ዝም አሉ።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ደም ማነስ አለብሽ ስላሉኝ መቅረት አልችልም። የሠራተኛ ማኅበር የለንም። የሰጡኝም የቃል መልስ ብቻ ነው።

የምታውቁ ንገሩኝ፦ መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ ልጠብቅ ወይስ የክትትል ካርዴን ይዤ በቀጥታ ወደ ከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ልሂድ?