ፒአይአር ሴንሰር መተማ ላይ ይሰራል?

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ነኝ፣ ኤሌክትሪካል 5ኛ ዓመት። ለመመረቂያ ድንበር ላይ ሰው ሲያልፍ መልእክት የሚልክ ነገር ልሰራ ነው፣ መተማን አስቤ። ፒአይአር ሴንሰር (ከሰውነት በሚወጣ ሙቀት እንቅስቃሴ የሚያይ)፣ አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ሎራ (መልእክት ሩቅ የሚልክ ሬዲዮ)፣ ትንሽዬ ሶላር፣ በቃ። ቤት ሞክሬዋለሁ፣ ማታ አሪፍ ነው፣ ቀን ግን የጎረቤት ዶሮ ባለፈች ቁጥር ይጮሃል፣ እማዬ ልትሰብረው ነው። አድቫይዘሬ "መተማ ወርዶ አይሰራም" ብሎኝ ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። ምን ማለቱ ነው?

ቆላ ያደገ፦
ልክ ነው ሰውየው። ፒአይአር ሙቀት አይለካም፣ የሚያየው ከፊቱ የሚያልፈው ነገር ከጀርባው ካለው በሙቀት ሲለይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መተማ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ የሰው ቆዳ ደግሞ 34፣ 35 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ሆነ ማታ የሆነ ሰዓት ላይ ሰውዬውና መሬቱ እኩል ይሆኑና ሴንሰርህ ይታወራል። ከዛ ቀትር ላይ ንፋስ የጋለ ሳር ሲያወዛውዝ ደግሞ ሰው መጣ ብሎ ይጮህልሃል።

ሽቦ በጥስ፦
አይዞህ አሜሪካኖችም ወድቀዋል 😂 ኤስቢአይኔት የሚባል የሜክሲኮ ድንበር መጠበቂያ ነገር በፈረንጆቹ 2006 ጀምረው፣ ካሜራና ራዳር የተሸከመ ማማ ደርድረው፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በልቶ አሪዞና ላይ 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ሸፍኖ 2011 ላይ ዘጉት። ራዳሩን ንፋስና ዝናብ ያሳስተው ነበር።

ገንዳ ውሃ፦
ወንድሜ ማየቱ ቀላል ነው፣ ማን እንደሆነ መለየቱ ነው ጉዱ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ እዚህ የሚመላለሰው የቀን ሰራተኛ፣ ከብቱ፣ አህያው፣ ሁሉም "እንቅስቃሴ" ነው። ጂኦፎን ሞክር፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እርምጃ የሚሰማ ነው፣ ሙቀት አያሳስተውም። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ሁለት እርምጃ ገደማ ነው፣ ከብት በአራት እግሩ ምቱ ይለያል፣ በኮድ ልትለየው ትችላለህ። ዋልካው በበጋ ስለሚሰነጠቅ ስንጥቅ አጠገብ አትቅበረው። ደግሞ ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ሳትይዝ እንዳትመጣ፣ ሽቦና አንቴና ያለው ሳጥን ይዘህ ኬላ ላይ ብትደርስ መጀመሪያ የሚያዘው አንተ ነህ።

የማራኪው ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ። ጂኦፎኑ ዶሮዋንም ይሰማል እንዴ?

ገንዳ ውሃ፦
ላዩ ላይ ካልጫረች አይሰማም 😄